የሲሊ ሌኳ ሴትዮ፣ እግዜር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው ሞንታና፣ ሲሊ ሌክ ውስጥ ስንቃችንን ከድብ መጠበቅ ላስተማሩን የደን አገልግሎት ሴትዮ ለምስጋና ነው። ደግሞም በዚያ በኩል በብስክሌት የምታልፉ ካላችሁ ቢሯቸውን ዘላችሁ እንዳታልፉ።

ባለፈው ነሐሴ ከጓደኛዬ ጋር ከሲያትል በባቡር ተነስተን ሞንታና፣ ዋይትፊሽ ወረድን። ከዚያ ግሬት ዲቫይድ የሚባለውን የብስክሌት መንገድ ይዘን ወደ ደቡብ። መንገዱ ካናዳ ውስጥ ከጃስፐር ተነስቶ እስከ ሜክሲኮ ድንበር ይወርዳል፤ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እኛ የቻልነውን ያህል ብለን ነው የወጣነው። የመሸበት ጫካ ውስጥ ድንኳን እንተክላለን።

ስንቃችን የአገር ቤት ነበር። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ንጥር ቅቤ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች ሁሉንም ድንኳን ውስጥ አስገብተን አደርን። እኔማ የበሶውን ከረጢት ትራስ አድርጌው ነበር። በጅብ እየተስፈራራ ያደገ ሰው ድብን የት ያውቀዋል?

በአራተኛው ቀን ሲሊ ሌክ ደረስን። ካርታ እንጠይቅ ብለን የደን አገልግሎት ቢሮ ገባን። እውነቱን ለመናገር የገባነው ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ነው። ባንኮኒው ጋ ስድሳን የዘለሉ የሚመስሉ ሴትዮ ነበሩ። ካርታውን ከመስጠታቸው በፊት «ማታ ምግባችሁን የት ነው የምታስቀምጡት?» አሉ። ጓደኛዬ እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ይዘውን ወደ ውጭ ወጡ። ሻንጣችንን አስፈቱና ዕቃውን አንድ በአንድ እያሸተቱ ለሁለት ከፈሉት። ምግቡ ወደ አንድ ወገን ሄደ፤ እሱስ ይገባኛል። ግን የጥርስ ሳሙናው፣ የከንፈር ቅባቱ፣ የቆሻሻው ፌስታል፣ ሽሮ የሠራንባት ድስት፣ ሁሉም ወደዚያው ሄዱ። በመጨረሻ የጓደኛዬን ሹራብ አንስተው አሸተቱ። ቅቤ ፈስሶበታል። «ይሄም ምግብ ነው» ብለው እዚያው ጣሉት። ለካ በዚያ አካባቢ ምግብን ከድብ ማራቅ ምክር ብቻ ሳይሆን ደንብም ነው።

«ሽሮው በርበሬ አለበት እኮ፣ ድቡ አይሸሽም?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። የድብ ስፕሬይ፣ ማለትም ድብ ሲመጣ የሚረጨው ቆርቆሮ፣ የሚያቃጥለው በርበሬን በሚያቃጥለው ነገር ነው፤ እሱስ ልክ ነኝ። ድቡን የሚመልሰው ግን ዓይኑና አፍንጫው ውስጥ ሲገባ ነው። ደርቆ መሬት ላይ የቀረው እንዲያውም ድብ ሊጠራ ይችላል። እንደ ትንኝ መድኃኒት ድንኳናቸው ላይ የሚረጩ ሰዎች አሉ አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

የእኛን ስፕሬይ አሳዩኝ ሲሉኝ ከበሶው ሥር ጎልጉዬ አወጣሁት። «እስክትፈታው ድቡ ይጠብቅሃል?» አሉኝ። የሸጠልን ሱቅ ብሩን ቆጥሮ ከመቀበል በቀር አንዲት ቃል አልተነፈሰም ነበር። እሳቸው ደረቴ ላይ አሳሰሩኝ። ብስክሌቱ ላይ ቢታሰር ስወድቅ ከብስክሌቱ ጋር ይቀራል። ተረጭቶ የሚያልቀው በሰከንዶች ውስጥ ነው፤ የሚደርሰውም ወደ አሥር ሜትር ገደማ ስለሆነ ገና ከሩቅ አይባክንም። በርበሬ በሌለበት መለማመጃ ቆርቆሮ ሦስቴ አስተኮሱኝ።

ከዚያ ገመድ። ከረጢቱ ከመሬት ቢያንስ ሦስት ሜትር ከፍ፣ ከግንዱ ከአንድ ሜትር በላይ ራቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ድንኳኑ ደግሞ ከእሱ መቶ ሜትር ያህል ይራቅ። ገመዱን ከድንጋይ ጋር አስሬ ስወረውር ድንጋዩ ደጋግሞ ወደ ራሴ ተመለሰ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ተቀብለውኝ በአንድ ውርወራ ቅርንጫፉን አሻገሩት።

ስለ ፍጥነትም ነገሩን። እግረኛ ኮቴው ይሰማል፤ ብስክሌተኛ ግን ድምፅ ሳያሰማ ድቡ ላይ ይደርሳል። በ2016 ግሌሲየር ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ አንድ ብስክሌተኛ ግሪዝሊ ከሚባለው ትልቅ ድብ ጋር ተጋጭቶ ሞቷል። ስለ ኦቫንዶም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን። በጁላይ 2021 እዚያች ትንሽ ከተማ ውስጥ ድንኳን ተክላ የተኛች ብስክሌተኛ በግሪዝሊ ተገድላለች። ሊያስፈራሩን አልነበረም፤ በማግስቱ ልናድር ያሰብነው እዚያው ስለነበር ነው። ከዚያ በኋላ በየመታጠፊያው «ኧረ መንገድ!» እያልን ነው የሄድነው።

የዚያን ለት ማታ ከረጢቱን ሰቀልን። ያለ ትራስ፣ ያለ ሹራብ፣ በብርድ ተኛን። ጠዋት ስንነሳ ከድንኳናችን ብዙም ሳይርቅ መንገዱ ላይ ሃክልቤሪ የሚባል የጫካ ፍሬ የሞላበት፣ ገና እርጥብ የሆነ የድብ ኩስ አገኘን። ጓደኛዬ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። ቀና ብሎ ከረጢቱን አየ። እንደተሰቀለ ነው።

ቢሮው ከሲሊ ሌክ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በ83 ቁጥር መንገድ ላይ ነው። አንድ ሳንቲም አላስከፈሉንም። ሻንጣችሁን ይዛችሁ ግቡና «ምግባችንን የት እናስቀምጥ?» በሉ፤ ሌላውን እሳቸው ይጨርሱታል። ጠጉረ ልውጥ ነን ብለው አላቃለሉንም፤ የጠየቅነውን የሞኝ ጥያቄ ሁሉ እየሳቁ መልሰዋል።

ሲለዩን ዳቦ ቆሎውን ቀምሰው ደግመው ጠይቀውን ነበር። ቤት እንደገባን አንድ ኪሎ በፖስታ ላክንላቸው። ካርቶኑ ላይ «ዛፍ ላይ ይሰቀል» ብለን ጻፍንበት።