ዛንዚባር ለሁለት፦ ካያኩ፣ የዳው ጀልባው እና ከስታዲየም የገዛነው ፓኬጅ

ለሚቸኩል ሰው ቀድሜ ልናገር። ካያኩ (በመቅዘፊያ የምትሄደው ትንሽዬ ጀልባ) በጣም አሪፍ ነው፣ ሙሉ ቀን ባሕር ላይ የሚዋልበት ጉዞ እንደውም ከሱ ይበልጣል፣ "የጥንዶች ፕራይቬት ሰንሴት ክሩዝ" (ዳው በሚባለው ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ ጀንበር ስትጠልቅ የሚወጣበት) ብለው የሸጡልን ነገር ግን ፕራይቬት የሚባል ነገር አልፎበት አያውቅም። ጥር ላይ ሰርጉ በዝቶ ስለነበር ካዛንቺስ ቢሯችን አካባቢ ያለ ሙሽራ ሁሉ "እንዴት ነበር፣ ለጫጉላ ይሆናል ወይ፣ ማን ጋ ገዛችሁ" እያለ ያስቆመኛል፣ ለሁሉም በየተራ ከማወራ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። እኛ ሙሽሮች አይደለንም ባይዘዌ፣ ከተጋባን ቆይተናል፣ ልጃችንን እናቴ ጋ አስቀምጠን ከጥምቀት በኋላ ነው ውልቅ ያልነው።

ኤጀንሲው ስሙ ይቅር። ስታዲየም ዙሪያ ካሉት ፎቆች አንዱ ላይ ነው፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ "እህቴ ምንም አታስቢ፣ አንቺ ሻንጣሽን ብቻ ያዢ" እያለ ማኪያቶ ሁሉ አስመጥቶልን ነው ያስፈረመን። ትኬቱ፣ ሆቴሉ፣ ከኤርፖርት የሚቀበለን መኪና፣ ሁሉም እንዳለው ሆኗል፣ እዚህ ላይ አልዋሽም። በረራው ከቦሌ በቀጥታ ከሆነ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ አርብ ማታ ቢሾፍቱ ለመሄድ ቃሊቲ ላይ የሚቆመውን የመኪና ሰልፍ ለሚያውቅ ሰው ምንም ማለት አይደለም። ግን ያልነገረን ነገር አለ። በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው የደሴቷን ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ነው፣ ለአዋቂ 44 ዶላር፣ ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖርህም አይተካውም። ይሄን የሰማነው ቼክኢን ላይ አጠገባችን ከተሰለፈች ሴትዮ ነው እንጂ ከሱ አይደለም፣ ሁለታችን ሲደመር 88 ዶላር ካሰብነው ላይ ተነሳ። የቢጫ ወባ ካርድም ያዙ፣ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ይጠይቃሉ። ቪዛውን ደሞ ቀደም ብላችሁ ኦንላይን ጀምሩት፣ የኛ ልብ አውልቆ ነው የመጣው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኛ የምናውቀው ሐይቅ ነው። ባቦጋያ ላይ ጠዋት ሂድ ማታ ሂድ ውሃው እዛው ነው የሚጠብቅህ። ዛንዚባር እንደዛ አይደለም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ በተለይ የኛ ሆቴል ያለበት የምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ የሚባሉት ሰፈሮች ጋ፣ ከባሕሩ ዳር እስከ ኮራሉ (ውሃው ውስጥ ያለው ድንጋይ መሳይ አጥር) ድረስ ወለሉ ሜዳ ስለሆነ ውሃው ሲጎድል ሸሸት ማለት ብቻ ሳይሆን ጭራሽ ጥሎህ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደሞ ይብሳል፣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይጠጋል፣ ያ ማለት ያንድ ፎቅ ቁመት ውሃ መጥቶ ይመለሳል። ሰዓቱም አንድ ቦታ አይቆምም፣ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ነው የሚሄደው።

የኤጀንቱ ወረቀት ላይ "ጠዋት 4 ሰዓት ካያክ" ይላል። እኛ በሄድንበት ሰሞን ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች፣ ልክ 4 ሰዓት ላይ ወጣን፣ ባሕር የለም። ከምር የለም! እስከ ዓይን ጥግ ድረስ እርጥብ አሸዋ፣ አልፎ አልፎ ሣር የመሰለ አረንጓዴ፣ ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል፣ ካያኮቹ ደረታቸውን አሸዋ ላይ ሰጥተው ተደርድረዋል። ባለቤቴ ላይፍ ጃኬቱን አጥብቆ ታጥቆ መቅዘፊያ ይዞ "ውሃው የታለ?" ሲል የሆቴሉ ልጅ ሳቁን መያዝ አቃተው። ስልኩን አውጥቶ የሙላቱን ሠንጠረዥ አሳየን፣ ዛሬ ውሃ የሚሞላው 10 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ያኔ ሚቻምቪ የምትባል መንደር ወስጄ ማንግሮቭ (ባሕር ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደን) ውስጥ አስቀዝፋችኋለሁ አለን። በነፃ የሚገኝ ሠንጠረዥ እኮ ነው፣ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ያየዋል፣ ፕሮግራም ብሎ ብር የሚቀበል ሰው አንዴ ከፍቶ ቢያየው ምን ነበረበት?

ያን ጠዋት ግን በከንቱ አላለፈም። ውሃው በሄደበት ሜዳ ላይ የመንደሩ ሴቶች ሻሻቸውን ጠምጥመው ወርደው ይሠራሉ፣ ትንንሽ ችካል ተክለው በችካሎቹ መሃል ገመድ ወጥረው ገመዱ ላይ የባሕር አረም ያበቅላሉ። በፈረንጆቹ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደሴቷ ላይ የገባ ሥራ ነው፣ አብዛኛው የሴቶች ነው፣ ደርቆ ወደ ውጭ ይላክና ለጥርስ ሳሙናና ለቅባት ምናምን ማወፈሪያ ይሆናል። ባሕሩ ሳይመለስ መጨረስ ስላለባቸው ቀና አይሉም። እዛ ለመሄድ የውሃ ጫማ አድርጉ፣ ጥቁር ረጃጅም እሾህ ያለው የባሕር ፍጥረት አለ፣ አንዴ ከረገጣችሁት እረፍታችሁ አበቃ።

ከሰዓት በኋላ የሆነው ግን ለብቻው ሊወራ የሚገባው ነው። ሚቻምቪ ከፓጄ በመኪና ቅርብ ናት፣ ችዋካ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ላይ ያለው ወገኗ ወደ ምዕራብ ያያል። ካያኩ ሁለት ሰው ላዩ ላይ ተቀምጦ የሚቀዝፈው ዓይነት ነው፣ ወለሉ ላይ ቀዳዳዎች አሉት፣ እኔ መጀመሪያ ሳየው የተበሳ መስሎኝ "ይሄማ ያሰጥመናል" ብዬ ነበር፣ ለካ የገባው ውሃ በዛ እንዲወርድ ነው። የውሃ ጫማህ ውስጥ ሁሌ ትንሽ ውሃ አለ፣ ሞቃት ነው፣ ደስ ይላል። ፊት የተቀመጠው ምቱን ይሰጣል፣ ኋላ ያለው እሱን እየተከተለ ይሾፍራል፣ ሁለቱ ካልተግባቡ መቅዘፊያዎቹ ቋ ቋ እያሉ ይጋጫሉ። እኔ ፊት ነበርኩ። ባለቤቴ ከኋላ "ግራ! ግራ በይ እንጂ!" ሲለኝ መሪው ልጅ ዞር ብሎ "ወንድሜ፣ ካፒቴኗ እሷ ናት፣ አንተ ተከተል፣ ፖሌ ፖሌ" (በሱዋሂሊ ቀስ በል እንደማለት) አለው፣ ይቺን እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ እጠቀምባታለሁ።

ማንግሮቩ ውስጥ ሲገባ ድምፅ ይጠፋል። ዛፎቹ ሥራቸው ከውሃው በላይ እንደ ሸረሪት እግር ተበታትኖ ነው የቆሙት፣ ግንዳቸው ላይ ውሃው እስከየት እንደሚደርስ የጭቃ መስመር አለ፣ መስመሩ እኛ ከተቀመጥንበት ከፍ ይላል። ሥሩ ላይ ትናንሽ ሸርጣኖች አሉ፣ አንደኛው እጃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ፣ እኛን ሲያዩ ያን ትልቁን እጅ ያወዛውዙና ቀዳዳቸው ውስጥ ይገባሉ። ዓሣ ሆኖ ጭቃ ላይ የሚዘልም አየን፣ ባለቤቴ እንቁራሪት ነው ብሎ ድርቅ አለ። መተላለፊያው አንዳንድ ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ መቅዘፉን ትተን ቅርንጫፍ እየያዝን ነው ያለፍነው፣ ማዕበል የለም፣ ነፋስም አይገባም፣ ዋና የማይችል ሰው (እኔ) ሳይፈራ ሊገባበት የሚችል ቦታ ነው። ላይፍ ጃኬት ግን ሳይጠየቅ ነው የሚያስለብሱት፣ ይሄ ደስ ብሎኛል። ስንወጣ ፀሐይዋ ከፊት ለፊታችን ባሕረ ሰላጤው ላይ እየጠለቀች ነበር፣ ደሴቷ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ሆነህ ፀሐይ ባሕር ላይ ስትጠልቅ የምታይበት ቦታ ብርቅ ነው፣ እዛው ባለ ሸራ ጀልባም የሚያከራዩ ልጆች ቆመዋል።

እዚህ ጋ ነው የተናደድኩት። ምክንያቱም የኛ "ፕራይቬት ሰንሴት ክሩዝ" የተያዘው ኑንግዊ ነው፣ ሰሜኑ ጫፍ፣ ከፓጄ በመኪና ሁለት ሰዓት የሚጠጋ። አጠገባችን ጀንበር እየጠለቀች እኛ በሌላ ቀን ደሴቷን ከጫፍ ጫፍ አቋርጠን ሄድን፣ ደርሰን ስናይ ጀልባው ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ተጭኗል፣ ሁሉም "ፕራይቬት" ተብሎ የተሸጠለት። ስፒከር ተከፍቶ፣ ለቱሪስት የሚዘፈነው ያ ጃምቦ ጃምቦ ተደጋግሞ፣ ሞተሩ እየጮኸ ወጣን፣ ሸራው ለፎቶ ተዘረጋና ብዙም ሳይቆይ ተጠቀለለ። ከሞተሩ የሚወጣው የናፍጣ ሽታ ደሞ ሆዴን ገለባበጠው፣ ሎሚ ይዤ ባልሄድ ኖሮ ጉድ ፈልቶብኝ ነበር። እያሸተትኩ ቁጭ አልኩ፣ አጠገቤ የነበረችው ፈረንጅ ግራ ገብቷት ስታየኝ ቆይታ በኋላ እሷም ለመነችኝ።

ለፍትሕ ያህል፣ ሠራተኞቹ ምንም አላጠፉም። ሸራው ሦስት ማዕዘን ነው፣ ከረጅም ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል፣ አቅጣጫ ለመቀየር ሲፈልጉ አንዱ ልጅ ባዶ እግሩን ምሰሶው ላይ ወጥቶ ዘንጉን ወደ ሌላው ጎን ሲያዞረው አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ኑንግዊ ራሷ የጀልባ ሠሪዎች መንደር ናት፣ ባሕሩ ዳር ላይ በመጋዝና በመጥረቢያ ግዙፍ ጀልባ ሲያንጹ ቆሞ ማየት ይቻላል፣ እኔ ከክሩዙ ይልቅ እሱን ብመለከት ይሻለኝ ነበር። አንድ የሚያስቅ ነገር፣ የሱዋሂሊ ሰዓት እንደኛ ነው፣ ቀኑን ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። ካፒቴኑ "በ10 ሰዓት እንነሳለን" ሲል እኛ በሰዓቱ ተገኘን፣ አንድ ጥንድ ግን ሌሊት ነው ጠዋት ነው እያሉ ሲጨቃጨቁ ሮጠው ነው የደረሱት።

ሙሉ ቀን የሚውለው ጉዞ የሚነሳው ከፉምባ ነው፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ መናይ ቤይ የሚባል የተጠበቀ የባሕር ክልል አለ። ይሄ በትክክል የተዘጋጀ ነው፣ ምክንያቱም አስጎብኚዎቹ ራሳቸው ሙላቱን እያዩ ነው ቅደም ተከተሉን የሚወስኑት። ውሃው ሲጎድል መሃል ባሕር ላይ ብቅ የምትል የአሸዋ ደሴት ላይ አወረዱን፣ ዛፍ የላት ምን የላት፣ ድንኳን ተክለው ሐብሐብና ኮኮናት ቆረጡልን፣ ሲሞላ ተመልሳ ትሰጥማለች። ስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ ውሃ ውስጥ ማየት) ሲሆን እኔ ጎማ ይዤ አንዱ ልጅ እየጎተተኝ ጭንቅላቴን ብቻ ነከርኩ፣ ኮራሉንና ቢጫና ጥቁር ሽንትር ዓሦቹን አየሁ፣ በቃኝ። ውሃው ሲሞላ ደሞ ክዋሌ ደሴት ላይ ማንግሮቭ የከበበው ኩሬ የመሰለ ቦታ ይገባሉ፣ እዛ ውሃ ውስጥ ተጋድመን ያሳለፍነው ጊዜ ነው "ዘና አልን" የሚባለው። የባሕር ኮከብ አንስታችሁ ፎቶ አትነሱ፣ ከውሃ ሲወጣ ይጎዳል፣ ልጆቹም ይቆጣሉ።

ምሳው ክዋሌ ላይ ነው፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ኦክቶፐስ፣ ሎብስተር፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ። የኛ ቀን ረቡዕ ነበር፣ እንጾማለን ብለን ማታውኑ ስለነገርናቸው ሩዝ፣ ባቄላና የተጠበሰ ሙዝ ለብቻ አዘጋጁልን፣ ሰዎቹ ራሳቸው ጾም የሚያውቁ ሙስሊሞች ስለሆኑ ምንም ማስረዳት አላስፈለገንም። ሌላ ቀን ባለቤቴ ኦክቶፐሱን ቀና ብሎም አላየውም፣ "ያልተፈቀደ ነው" ብሎ ዘጋው፣ እኔ ዓሣውን በልቻለሁ፣ ትኩስ ነው ግን ቃሪያ የለው በርበሬ የለው፣ ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ ያዙ ከምሬ ነው።

ስንመለስ ለኤጀንቱ ነገርኩት። "እህቴ፣ እኛ ከዛ የተላከልንን ፕሮግራም ነው የምናስተላልፈው" አለኝ፣ የክሩዙን ግማሽ መልሱልኝ ስለው ደሞ ለሚቀጥለው ጉዞ ቅናሽ አደርግልሻለሁ አለ። ስለዚህ ትኬትና ሆቴል ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ግዙ፣ ጀልባና ካያክ ግን እዛው ደርሳችሁ ከሆቴሉ ወይ ከባሕሩ ዳር ልጆች ጋ ተነጋገሩ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ያን ቀን ውሃው ስንት ሰዓት ይሞላል፣ ጀልባው ላይ ስንት ሰው ይሳፈራል፣ ሸራ ነው ሞተር ነው የምንሄደው። ምሥራቅ ዳርቻ የምታድሩ ከሆነ ጀንበሯን ሚቻምቪ እዩ፣ ኑንግዊ ድረስ አትንከራተቱ፣ ሙላት ጉድለቱ ይሰለቸናል፣ ሙሉ ቀን መዋኘት እንፈልጋለን የምትሉ ደሞ ከመጀመሪያው ኑንግዊ ወይ አጠገቧ ያለችው ኬንድዋ ሆቴል ያዙ፣ እዛ ባሕሩ ያን ያህል አይርቅም።

ከፋሲካ በኋላ የምታገቡ ደሞ ቀኑን አስቡበት። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ የነሱ ትልቁ ዝናብ ነው፣ ሆቴሉ ይረክሳል፣ ጀልባው ግን ላይወጣ ይችላል። ከሰኔ ጀምሮ ይደርቃል፣ ነፋሱ ከደቡብ ስለሚመጣ ፓጄ ፊት ለፊት ያለው ባሕር ለካይት ሰርፈሮች (በነፋስ በሚጎትታቸው ሸራ ውሃ ላይ ለሚንሸራተቱት) ነው የሚመቸው፣ ለካያክ እጅ ያዝላል። ማንግሮቩ ውስጥ ግን ነፋሱ ስለማይገባ ያኔም ይቀዘፋል።