የፓተርን ማስመሪያ ስብስቡ፦ ኩርባዎቹ ይገዙ፣ ሜትሩ ይቅር

መርካቶ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ ከሚሸጡ ሱቆች ጎራ ካላችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ፤ በላስቲክ የታሸገ፣ የምርት ስም የሌለው አራት ዕቃ። ረጅም የዳሌ ኩርባ፣ አነስ ያለ የአንገትና የብብት ኩርባ፣ ባለ ቀጥታ ማዕዘን ማስመሪያ እና የሚጠቀለል ሜትር ነው። ቤቱ ፓተርን፣ ማለትም ጨርቅ የሚቆረጥበትን የወረቀት ንድፍ፣ ለሚያወጣ ሰው ከአራቱ ሁለቱ ይበቁታል።

ገንዘቡን የሚያወጣው የዳሌ ኩርባው ነው። ወገቧ 76፣ ዳሌዋ 100 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ሴት ጉርድ ይውጣ እንበል። የዳሌው ሩብ 25 ነው፣ ለመላወሻ 1 ሲጨመር 26። የወገቡ ሩብ 19፣ ከግማሽ ሴንቲ ጋር 19.5። ልዩነቱ 6.5 ሆነ። ይህን ሁሉ ከጎን ቆርጦ መጣል የጀማሪ ስሕተት ነው፤ ጎኑ ዳሌ ላይ እንደ ቀንድ ይወጣል። 4ቱ ለሁለት ፔንስ (ወገቡን ለማጥበብ ለሚሰፉ እጥፋቶች) ይሰጥና 2.5ቱ ብቻ ከጎን ይነሳል። ከወገብ እስከ ዳሌ ባለው 20 ሴንቲ ላይ ኩርባውን አጋድሞ ማስመር ነው። በእጅ ከተሰመረ መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ ትቀራለች። ወረቀት ላይ አትታይም፤ ከተሰፋ በኋላ ግን ካውያም አይመልሳት።

ኩርባው የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ፤ ጥለት ያለው የሐበሻ ልብስ። ጥለት አይታጠፍም፣ ስለዚህ ታችኛው ጠርዝ ቀጥ ማለት አለበት። ስፋቱን ከጎን በማስፋት ሳይሆን ከወገብ በሽንሽን ማምጣት ይሻላል።

ትንሹ ኩርባም ጥሩ ነው፣ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ጠርዙን በጣት ዳብሱት። ሻካራ ነገር ካለ እርሳሱ ይዘላል፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ቁጥሮቹ ላዩ ላይ የታተሙ ስለሆኑ በላብ ይጠፋሉ፣ ገና በአዲስነቱ ስኮች መለጠፍ ነው። ብብት ሲወጣ የፊቱ ከኋላው ጠለቅ ማለቱን አትርሱ። ኋላውም እንደ ፊቱ ከተቦረቦረ ለባሹ እጁን ወደ ፊት ሲዘረጋ ጀርባው ይጨመድዳል።

ማዕዘኑ ዕድል ነው። እዚያው ሱቅ ባንኮኒ ላይ ፈትኑት፦ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አስደግፋችሁ ቋሚውን አስምሩ፣ ገልብጡትና በዚያው ነጥብ ላይ ድገሙ። ሁለቱ መስመሮች ካልገጠሙ ተዉት። አንድ ዲግሪ ብቻ ቢስት 60 ሴንቲ ላይ ከ1 ሴንቲ በላይ ይዘምማል። ፓተርኑ ከድሩ፣ ማለትም ከጨርቁ የቁመት ክር አቅጣጫ፣ ይወጣና የጉርዱ የጎን ስፌት እየዞረ ወደ ፊት ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ሰፊውን ይወቅሳል።

ሜትሩ ግን ይቅር። ላስቲክነት ስላለው ይለጠጣል። 1 ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ከተለጠጠ 100 የሆነውን ዳሌ 99 ብሎ ያነባል። በዚያው ሜትር ለክታችሁ በዚያው ካሰመራችሁ ስሕተቱ ራሱን ያጠፋል። ችግሩ ሰውነቱ በተለጠጠው ሜትር ተለክቶ ወረቀቱ በጠንካራው ማስመሪያ ሲሰመር ነው፤ ልብሱ 1 ሴንቲ ይጠብባል። የማይለጠጥ ሜትር ለብቻው ግዙ፣ ዜሮው ከብረቱ ጫፍ መጀመሩንም እዩ።

ወረቀት እሽጉ ውስጥ የለም። ደብተር የሚለበጥበት ካኪ ይሆናል፣ ግን በጥቅል ግዙት፤ የታጠፈው እጥፋቱ ላይ መስመር ያዛባል። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ጀርባም ለአንገትና ለእጅጌ አያንስም። የወረቀት መቀስና የጨርቅ መቀስ ይለያዩ፣ ወረቀት ስለት ያደነዝዛል። ፓተርኑ ላይ የድሩን አቅጣጫ በቀስት፣ የስፌት ትርፉንም «ያለው» ወይም «የሌለው» ብላችሁ ጻፉ። ካልተጻፈ ከወር በኋላ ትርፍ ሁለት ጊዜ ይጨመራል፣ ወይ ጭራሽ ይቀራል። ለጎን 1.5፣ ለቅምቅማት 4 ሴንቲ ይበቃል። ውዱ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት በአቡጀዴ ሰፍቶ ማስለበስ የግድ ነው።

ሁለቱን ኩርባዎች ነጥለው የሚሸጡ ሱቆች አሉ። «እሽጉ አይፈታም» ካሏችሁ አትከራከሩ፣ ቀጣዩን በር ጠይቁ።