የዲፒኤፍ እጥበት በደብረ ብርሃን፦ የምትከፍሉት ለልኬቱ ነው

በደብረ ብርሃን፣ በዋናው የደሴ መንገድ ዳር ካሉት ጋራዦች በአንዱ የሚሰጠውን የዲፒኤፍ (የናፍጣ ሞተርን ጥቀርሻ የሚይዘው የጭስ ማውጫ ፊልትሮ) እጥበት ከላቫጆ ውኃ የሚለየው አንድ ነገር ነው። ፊልትሮው ከመውረዱ በፊትም ከተገጠመ በኋላም የጭሱ ግፊት ይለካል። ቁጥር የማያሳይ አጣቢ ምን እንዳጸዳ ማንም አያውቅም።

ሥራው የሚጀምረው የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው ስካነር ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት የግፊት ሴንሰሩ ዜሮ ማንበብ አለበት። ካላነበበ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ራሱ ወይም ሽቦው ነው። ቀጥሎ ሴንሰሩን ከፊልትሮው ጋር የሚያገናኙት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከሴንሰሩ ተነቅለው ወደ ፊልትሮው አቅጣጫ በነፋስ ይነፋሉ፤ ሳይነቀሉ ቢነፉ ሴንሰሩ ይበላሻል። የተደፈነ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ንባቡን ስለሚያዛባ ደህና ፊልትሮ በከንቱ ይወርዳል። ጋራዡ ይህን ማንም ሳይጠይቀው ማድረጉ ያስመሰግነዋል።

ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ይለካል። በፒካፕና በሚኒባስ ሞተር፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ከ1 ኪሎፓስካል በታች ማንበብ የጤና ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ፣ መኪናው ቆሞ፣ ከ10 ካለፈ ሞተሩ ጭሱን ለማስወጣት እየታገለ ነው፤ ቱርቦው ይግላል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ናፍጣ ይበላል። ልኩ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ የአምራቹ መጽሐፍ ይቀድማል።

ማጠብ የሚያስፈልገው በአመዱ ምክንያት ነው። ጥቀርሻ በ600 ዲግሪ ገደማ ይቃጠላል፤ መኪናው ራሱ ያቃጥለዋል። ከሞተር ዘይት ማዕድናት የሚመጣው አመድ ግን በምንም ሙቀት አይወጣም፣ የፊልትሮውን የውስጥ ሴራሚክ ቀዳዳዎች ከጫፍ ጀምሮ እየሞላ ይመጣል። በሴንሰሩ ቀዳዳ የሚረጩት ማጽጃዎች የሚረዱትም ለጥቀርሻ ብቻ ነው፤ ብዙ ኪሎሜትር በሄደ መኪና ላይ ገንዘብ ማባከን ነው።

ጋራዡ ፊልትሮውን ደረቁን ይመዝናል፣ ከመውጫው በኩል ወደ መግቢያው በነፋስ ይነፋል፣ ቀጥሎ በዚያው አቅጣጫ ለብ ባለ ውኃና በማጽጃ በዝግታ ያጥባል። አቅጣጫው ወሳኝ ነው። ላቫጆ ቤት ከመግቢያው በኩል በከፍተኛ ግፊት የሚለቀቅ ውኃ አመዱን ወደ ቀዳዳዎቹ ጫፍ ጠቅጥቆ ያስቀረዋል፣ ሴራሚኩንም ይሰነጥቃል። አሲድ ደግሞ ጭሱን ለማጥራት የሚረዳውን የካታሊስት ሽፋን ይበላዋል። አመዱ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ሲነፋ ማስክ ማድረግና በተዘጋ ሣጥን ውስጥ መሥራት ግድ ነው፤ እዚህ ሣጥኑ አለ፣ ማስኩ ግን አንዳንዴ ይረሳል።

የሚወቀስበት ማድረቂያው ላይ ነው። ፊልትሮው ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም መቆየት አለበት። ደንበኛ ሲበዛ ቶሎ ይወጣል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ደጅ የተቀመጠ ፊልትሮ ውስጡ አይደርቅም። አሳድራችሁት ብትሄዱ ይሻላል። ጋስኬቱንም አሮጌውን መልሰው ይገጥማሉ፤ አዲስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጭስ የሚያፈስ መጋጠሚያ ልኬቱን ያበላሻል። ፊልትሮው ሲወርድ፣ ገና ሳይታጠብ፣ መውጫውን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጥቁር ጥቀርሻ ካወጣ ሴራሚኩ ተሰንጥቋል፣ እጥበት አያድነውም።

ሌላው ጉድለት የኢንጀክተር መፈተሻ አለመኖሩ ነው፤ ለዚያ 130 ኪሎሜትር ወርዶ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ይላል። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ክፍት የቀረ ኢጂአር (ጭሱን በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ) ወይም ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ እያለ የታጠበ ፊልትሮ ተመልሶ ይሞላል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ3 አሥረኛ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦው ትንሽ ቢደክም ጥቀርሻው ወዲያው ይበዛል። ሰው እስኪሞላ ሞተር አስነስተው መናኸሪያ የሚቆሙ ሚኒባሶችማ ጥቀርሻው የሚቃጠልበትን ሙቀት ከቶ አያገኙም።

ለእነዚህ መንገዱ ራሱ መድኃኒት አለው። ከሸዋ ሮቢት በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ጣርማበር የሚወጣው ዳገት ጭሱን ያግለዋል፤ ቁልቁለቱ ግን ያቀዘቅዘዋል። ጥቀርሻውን ማቃጠል የጀመረ መኪና ሜዳውን ወደ ጫጫና ሸኖ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በእኩል ፍጥነት ቢነዳ ይጨርሳል። በየመሀሉ የሚቋረጥ ማቃጠል ናፍጣን ከሞተር ዘይቱ ጋር ስለሚቀላቅል፣ የዘይቱ መጠን ከፍ ካለ ወዲያው ይቀየር። የሚገባውም አመዱ ዝቅተኛ የሆነ ዘይት ነው፦ ለቀላል መኪና ዕቃው ላይ ሲ3 (C3) የሚል፣ ለጭነት መኪና ሲኬ-4 (CK-4) የሚል፣ የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ካላዘዘ በቀር።

የፊልትሮውን ሴራሚክ አውጥቶ ባዶውን ጣሳ መግጠም እዚህ ጋራዥ አይሠራም፤ በዚህ እንስማማለን፣ ያ ጥቀርሻ የሚገባው በመንገድ ዳር ባለው ሰው ሳንባ ነው።

ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት በስካነሩ የአመድ መጠን መቁጠሪያው ወደ ዜሮ መመለሱን አረጋግጡ፤ ካልተመለሰ ኮምፒውተሩ ፊልትሮውን እንደ ሙሉ ይቆጥረዋል። የክብደቱን ልዩነትና ሁለቱን የግፊት ንባቦችም በወረቀት ተቀበሉ፣ ለሚቀጥለው እጥበት ማነጻጸሪያ ይሆናሉ።