የጥርስ ማንጫ ጄልና ሰማያዊ መብራት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብራችሁን ያዙ

በቴሌግራምና በቲክቶክ «በ3 ቀን በረዶ የመሰለ ጥርስ» እየተባለ የሚሸጠውን ጄልና ሰማያዊ መብራት ለማዘዝ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የሠርግ ወቅት ሲቃረብ ማስታወቂያው ይበዛል። ሙሽሮችም ሚዜዎችም ይፈልጉታል፤ ሻጮቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ዕቃውን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ለሠርጓ ብላ 2,800 ብር በቴሌብር ልካ አስመጣችው። ሳጥኑ ያምራል። ወርቃማ ጽሑፍ አለው፣ የምትስቅ ሴት ፎቶ አለው። አገላብጬ ሳየው ግን የአምራቹ ስም የለም። የተሠራበት አገር የለም። ጄሉ ውስጥ ምን እንዳለ፣ በስንት ፐርሰንት እንዳለ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ የለም። «ተፈጥሯዊ» ይላል፣ በቃ። የአገልግሎት ማብቂያው ቀን ላይ ሌላ ስቲከር ተለጥፎበታል። በጥፍሬ ፍቄ ሳነሳው ከሥሩ ያለው ቀን ካለፈ ቆይቷል።

መጠቀም በጀመረች በማግስቱ የላይኛው ድዷ ጠርዝ ነጭ ሆነ፣ ልክ እንደ ወረቀት። ማታ ላይ መላጥ ጀመረ። በርበሬ ያለው ወጥ መቅመስ አቃታት። ለሻጯ ፎቶ ስትልክላት የመጣው መልስ «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ እየሠራ ነው፣ ቆሻሻው ሲወጣ ነው» የሚል ነበር። ብሯ እንዲመለስላት ስትጠይቅ ብሎክ አደረገቻት።

በጣም ያናደደኝ ይሄ «እየሠራ ነው» የሚሉት ነገር ነው። ድድ ነጭ የሚሆነው ስለተቃጠለ ነው። ጥርስ የሚያነጣው ዋናው ኬሚካል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ወይም አፍ ውስጥ ወደ እሱ የሚለወጠው ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ። ሁለቱም በትክክል ይሠራሉ፣ የጥርስ ሐኪሞችም የሚጠቀሙት እነሱኑ ነው። ነገሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው። 10 ፐርሰንት ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ሲባል 3.5 ፐርሰንት ገደማ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማለት ነው። ይህ ሐኪሞች ለቤት የሚሰጡት ለዘብ ያለ መጠን ነው። ክሊኒክ ውስጥ የሚቀባው ግን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱ 35 ፐርሰንት ሊደርስ ይችላል። ሐኪሙ ጄሉን ከመቀባቱ በፊት ድዱን የሚሸፍነውም ለዚህ ነው። ሳጥኑ ፐርሰንቱን ካልነገራችሁ፣ አፋችሁ ውስጥ የምታስገቡት የትኛውን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ከ0.1 ፐርሰንት በላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለው የጥርስ ማንጫ ለሸማች በቀጥታ አይሸጥም። ከዚያ በላይ እስከ 6 ፐርሰንት ያለው የሚሸጠው ለጥርስ ሐኪም ብቻ ነው፣ የመጀመሪያው አጠቃቀምም በሐኪም ክትትል መሆን አለበት። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ጭራሽ አይፈቀድም። በፌስቡክ ጠንከር ያለውን አምጥቶ በእጅ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ሕግ እየጣሰ ነው።

«የእኛ ፐርኦክሳይድ የለውም፣ ስለዚህ አይጎዳም» የሚሉም አሉ። ይህንንም በጭፍን አትመኑ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሶዲየም ክሎራይትን ከአሲድ ጋር ቀላቅለው ነው የሚሠሩት። አሲዱ የጥርሱን ላይኛ ሽፋን፣ ኢናሜሉን፣ ይበላዋል። ኢናሜል ደግሞ እንደ ጥፍር ተመልሶ አያድግም። ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቢጫው ክፍል ይታያል፤ ጥርሱ ከበፊቱ ብሶ ቢጫ ይሆናል፣ ቀዝቃዛ ውኃ በነካው ቁጥርም ይጠዘጥዛል። ጥርስ ያነጣል ተብሎ የሚሸጠው ሐምራዊ ፈሳሽ (ሴረም) ደግሞ ሌላ ነው። እሱ በቢጫው ላይ ሐምራዊ ቀለም ቀብቶ ዓይናችሁን ነው የሚያታልለው። ስትታጠቡ አብሮ ይሄዳል።

«በፊት» እና «በኋላ» የሚሉት ፎቶዎች ሁልጊዜ ውሸት አይደሉም። የሚያሳስቱት ለዚህ ነው። ጥርስ ጄል ተቀብቶ አፍ ተከፍቶ ሲቆይ ይደርቃል። የደረቀ ጥርስ ለጊዜው ነጣ ብሎ ይታያል። ፎቶው የሚነሳው ያኔ ነው። ምራቅ መልሶ ሲያርሰው፣ ቢበዛ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ፣ ከንጣቱ የተወሰነው ይጠፋል። ሰማያዊው መብራት ራሱ የሚጨምረው ነገር እዚህ ግባ አይባልም። የሚሠራው ጄሉ ነው። ለመብራቱ የከፈላችሁት ብር ባከነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የአክስቴ ልጅ ያደገችው መተሐራ ነው። የፊት ጥርሶቿ ላይ ቡናማ ሰረዝ አለ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ያ ቆሻሻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውኃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ እዚያ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ አለ። ልጅ ጥርሱ ከድድ ሳይወጣ፣ ገና ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ ያን ውኃ ሲጠጣ ኢናሜሉ ተበላሽቶ ይወጣል። የትኛውም ቡሩሽ፣ የትኛውም ከሰል አያስለቅቀውም። እንዲህ ያለ ጥርስ ላይ ማንጫ ስትቀቡ አንዳንዴ ነጫጭ ነጠብጣቦቹ ጎልተው ይወጡና ጥርሱ ዥንጉርጉር ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ የበለዘ ጥርስ ሐኪሙ ላዩን በስሱ ይፈገፍጋል፣ ወይም በሬዚን (ጥርስ በሚመስል ሙሌት) ይሞላል፣ ሲብስም በቬኒር፣ ማለትም ከፊት በሚለጠፍ ስስ ሽፋን፣ ይሸፍናል። ያን ሻጭ «ጥርሴ የበለዘው በውኃ ነው» ብትሉት «ይሠራል» ነው የሚላችሁ። ምን ብትሉት «ይሠራል» ነው የሚለው።

አንድ ጥርስ ብቻ ከጠቆረም ተጠንቀቁ። በልጅነት ወድቃችሁ የተመታ ጥርስ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ያለው ነርቭ ሞቶ ይሆናል። እሱ መታየት ያለበት በራጅ ነው። ጥርስ ላይ የተደረገ ሙሌት ወይም ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ) ደግሞ በማንጫ ቀለሙ አይለወጥም። ጎረቤቱ ሲነጣ እሱ በነበረበት ይቀራል።

ሎሚ የሚቀቡ ሰዎችም አያለሁ። እባካችሁ ተዉት። ሎሚ ሲበዛ ጥርስ እንደሚጠርስ ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቃለን፣ ያ አሲዱ ሥራውን ሲሠራ ነው። የተፈጨ ከሰልም ይፈገፍጋል እንጂ አያነጣም፣ ድድ ጠርዝ ላይም ጥቁር መስመር ትቶ ይቀመጣል። ቤኪንግ ሶዳ ከእነዚህ ይሻላል፤ ለስላሳ ነው፣ ከሎሚ ጋር እስካልቀላቀላችሁት ድረስ አሲድም የለውም። ግን የሚያነሳው የላይ የላዩን ነው። መፋቂያችንም እንደዚያው፣ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰና ድድ ካልቧጠጠ ጥሩ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ጥርሳችሁን አሳጥቡ። ብዙ ሰው «ጥርሴ ቢጫ ነው» የሚለው ከቡና፣ ከሻይ፣ ከሲጋራ ወይም ከጫት የመጣ ቀለምና የተጋገረ ቆሻሻ ነው። በክሊኒክ አንዴ ሲታጠብ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ማንጫ ሁሉ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይሞላ፣ አለበለዚያ ጄሉ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ያመጣል። ከዚያም ንጣት ካስፈለጋችሁ ሐኪሙ የጥርሳችሁን ልክ ወስዶ ስስ ማቀፊያ ያሠራላችሁና 10 ፐርሰንቱን ካርባማይድ ይሰጣችኋል። ሌሊት አድርጎ መተኛት ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ጥርስ ከጠዘጠዘ አንድ ሌሊት መዝለል፣ ፖታሲየም ናይትሬት ያለው የጥርስ ሳሙና መጠቀም። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ዘመድ ከአሜሪካ ስትሪፕ (ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ማንጫ) ከላከላችሁ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ማኅተም እንዳለበት፣ ቀኑም እንዳላለፈ እዩ። ሙቀት ፐርኦክሳይዱን ስለሚያደክመው መስኮት ሥር አታስቀምጡት።

ገዝታችሁ ተጠቅማችሁ ድዳችሁ ነጭ ከሆነ ወዲያው አቁሙ፣ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ ተጉመጥመጡ፣ ለጥቂት ቀናት ከበርበሬ፣ ከሎሚና ከትኩስ ነገር ራቁ። ቀላል ቃጠሎ በቀናት ውስጥ ይድናል። ካልዳነ ወይም ጥርሱ መጠዝጠዙን ካላቆመ ሳጥኑን ሳትጥሉ ይዛችሁ ወደ ጥርስ ሐኪም ሂዱ። የቻቱንና የቴሌብሩን ስክሪንሾት አስቀምጡ፤ ብሎክ ስትደረጉ ቻቱ ሊጠፋባችሁ ስለሚችል ቀድማችሁ አንሱት። ከዚያ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጥቆማ ስጡ፣ ሳጥኑንም አሳዩአቸው።