አደይ አበባ ወይስ መጭ? ከፎቶ ለመለየት

በመስከረም ከደሴ ወደ ኩታበር ሲወጣ መንገድ ዳሩም ማሳውም ቢጫ ይለብሳል፤ በፎቶ ሲታይ ታዲያ ሌላው ቢጫ አበባ፣ መጭም ሳይቀር፣ ሁሉም አደይ ይመስላል። ሁለቱን በደንብ የሚለያቸው አበባው ሳይሆን ቅጠሉ ነው።

የአደይ ቅጠል በጥልቀት የተሰነጣጠቀ ነው። የመጭ ግን ያልተከፈለ፣ ረዘም ያለና ሲዳስሱት የሚሻክር ሲሆን፣ ከግንዱ የሚያያይዘው ዘንግ ስለሌለው ግርጌው ግንዱን እቅፍ ያደርጋል። አበባውን ከፊት ለፊት ብቻ ያነሣ ሰው እንግዲህ ዋናውን ማስረጃ ትቶታል። ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበትን ቦታ ከጎን፣ መዳፍን ከኋላ ጋርዶ ማንሣት ነው፤ መዳፉ ከሌለ ካሜራው ከጀርባ ያለውን ሣር ያጠራል።

ቀጥሎ አበባውን በጣት አዘንብሎ ጀርባውን ማየት። መጭ ሰፋፊ፣ ቅጠል የሚመስሉ አረንጓዴ ደጋፊዎች አሉት፤ የአደይ የውጭዎቹ ደጋፊዎች ግን ቀጫጭን ናቸው። የመጭ እያንዳንዱ ቢጫ የአበባ ቅጠል ጫፉ ላይ ሦስት ጥርስ ቢኖረውም በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም፤ ጫፉ ቶሎ ይጎዳል።

ካፈራ ደግሞ ነገሩ ይቀላል፦ መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነውና ዘሩ ልሙጥ፣ ጥቁር፣ ኑግ መሳይ ነው።

በቀትር ፀሐይ ቢጫው ስለሚነጣ ስልኩ ላይ አበባውን ነክቶ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።