ቦርጭ፣ ክርንና ዚፕ፦ ለደንዳና ሞተረኛ በልክ የሚሰፋ የቆዳ ልብስ

ፍርዱን እናስቀድም። ሆዱ ከደረቱ ለሚበልጥ፣ ወይም ትከሻና ጭኑ ሱቅ ውስጥ ከተሰቀለው ትልቁ ቁጥር ለሚያልፍ ሞተረኛ በልክ የሚሰፋ የቆዳ ልብስ ቅንጦት አይደለም፤ ያለው ደህና አማራጭ እሱ ነው። ችግሩ «በልክ እንሰፋለን» የሚለው ማስታወቂያ ስሙ አንድ፣ ሥራው ግን ሦስት ዓይነት መሆኑ ነው። ከሦስቱ ሙሉ ገንዘብ የሚገባው አንዱ ነው።

ተሰፍቶ የሚሸጥ ልብስ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሁሉም ነገር አብሮ ያድጋል፤ ሆዱ የሰፋ ሰው ክንዱም የረዘመ ይመስል። ቦርጭ የሚዘጋ ጃኬት ሲገኝ ትከሻው ወደ ክንድ ይንሸራተታል፣ እጅጌው ጣት ይሸፍናል፣ የክርኑ ፓድ (ምት የሚያበርደው መከላከያ) ክርኑን ትቶ ወደ እጅ አንጓ ይወርዳል። በወገብ ልክ የተመረጠ ሱሪም የጉልበቱ ፓድ ባት አካባቢ ይገኛል። ጉዳዩ የመልክ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበ። ፓድ ሥራውን የሚሠራው አጥንት ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው፤ ሰፊ እጅጌ ውስጥ ያለ ፓድ ደግሞ ክንዱ መሬት እንደነካ ዞሮ ይሄዳል። በልክ የተሰፋ ልብስ መልካምነት የሚታወቀውም በዚህ ነው፦ ፓዱ ከቦታው ንቅንቅ ይላል ወይስ አይልም?

ወደ ሦስቱ ዓይነቶች እንመለስ። የመጀመሪያው ከነባር ቁጥሮች ቀረብ ያለውን አንሥቶ እጅጌውን የሚያሳጥር፣ ሱሪውን የሚቆርጥ ነው። ርካሹም ፈጣኑም እሱ ነው። ቁመቱ ብቻ ለየት ላለ ሰው ይበቃል፤ ለቦርጭ ግን አይሆንም፣ የደረቱና የሆዱ ቅድ ያው የነበረው ነውና። ሁለተኛው ከርቀት የሚታዘዝ ነው። 25 ወይም 30 ልክ የሚሞላበት ቅጽ ይላካል፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይጠበቃል፣ ልብሱ ይመጣል። ስፌቱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልኩ ከተሳሳተ ስህተቱ የሚታወቀው ቆዳው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ሦስተኛው ሞተር ላይ አስቀምጦ የሚለካ፣ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት ቅዱን በአቡጀዲ ሰፍቶ የሚያስሞክር ነው። አቡጀዲ ላይ የተገኘ ስህተት በእርሳስና በመርፌ ቁልፍ ይታረማል፤ ቆዳ ላይ የተገኘ ግን አዲስ ቆዳ ይጠይቃል። ለደንዳና ሰው የምንመክረው ይሄኛውን ነው። ከርቀት የሚያዝ ሰውም ቢሆን የአቡጀዲው ናሙና እንዲላክለት መጠየቅ አለበት። ለዚህ ብሎ ገንዘብ መጨመር አያስቆጭም።

የትኛው ዓይነት ቤት እንደሆነ ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ሆድ የምትለኩት ቆሜ ነው ተቀምጬ?» «ሁለቱንም» የሚል ሥራውን ያውቃል። «ቁጥርህ ስንት ነው?» ብሎ በጥያቄ የሚመልስ ከመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ቆሞ የተለካ ሆድና ተቀምጦ የተለካ ሆድ አንድ አይደሉም። ወደ መሪው ዘንበል ሲባል ልዩነቱ ከአንድ የልብስ ቁጥር ሊያልፍ ይችላል። ጀርባም እንዲሁ ነው፤ ከማጅራት እስከ ጭራ አጥንት ያለው ርዝመት ሞተር ላይ ይጨምራል፣ ከፊት ያለው ደግሞ ያጥራል። በቁም ልክ ብቻ የተቀደደ ጃኬት ከኋላ ተሰብስቦ ወገብ ያራቁታል፣ ከፊት ታጥፎ ኮሌታውን ወደ ጉሮሮ ይገፋል። ስለዚህ ልክ የሚወሰደው በራሱ በሚነዳው ሞተር ላይ፣ እጅ መሪ ላይ፣ እግር ማረፊያው ላይ ሆኖ ነው። ክሩዘር ላይ ቀጥ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው የተሰፋ ልብስ የስፖርት ሞተር ላይ አይሠራም፤ የተገላቢጦሹም ያው ነው።

የሚለካው ሌላ ሰው ይሁን፤ ራስን መለካት ሜትሩን ያጣምማል። ከሥር የሚለበሰው ስስ ልብስ ተለብሶ፣ ኪስ ባዶ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ልክ 3 ጊዜ ይወሰድ። ሦስቱ በ1 ሴ.ሜ. ውስጥ ካልተገናኙ እንደገና። ሆድ አይሳብም! ይህ ስህተት ስንቱን ልብስ አበላሽቷል። ብዙ ሰው የሚዘነጋቸው ልኮች ደግሞ ለወፍራም ሰው ዋናዎቹ ናቸው፦ ክርን ታጥፎ የላይኛው ክንድ ዙሪያ፣ ጉልበት በ90 ዲግሪ ታጥፎ የጭንና የባት ዙሪያ፣ እንዲሁም ሱሪው ከፊት ከሚያርፍበት ተነሥቶ በእግር መካከል አልፎ ከኋላ ወገብ የሚደርሰው ርዝመት። ይህ የመጨረሻው ከሌለ ሱሪው ሲቀመጡ ከኋላ መውረዱ አይቀርም። ቅጹ ላይ የሚጻፈው የሰውነቱ ልክ ነው። ለመላወሻ የሚተወውን ትርፍ የሚጨምረው ልብስ ሰፊው ነው፤ ደንበኛው «እንዳይጠበኝ» ብሎ 5 ሴ.ሜ. ከጨመረ፣ ሰፊው ደግሞ የራሱን ከደገመበት፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ሱቅ ውስጥ እንደተሰቀለው የሚንቦረቀቅ ልብስ ይመጣል።

አንድ ወጥ ልብስ ወይስ ጃኬትና ሱሪ? ለውድድር ካልሆነ በቀር ሁለት ቁራጭ ይሻላል። አንድ ወጥ የሆነውን ለመልበስ ትከሻ በጠባብ መክፈቻ ማለፍ አለበት፤ ሆድ ባለበት ይህ ትግል ነው። ሁለቱ ቁራጮች ግን በዚፕ መያያዝ አለባቸው፤ ያውም ወገብን ዙሪያውን በሚዞር። ከኋላ ብቻ 20 ሴ.ሜ. የምትሆነው አጭር ዚፕ ጃኬቱ ከጎን ተነሥቶ ቆዳ እንዳይፈጭ አታግደውም። ዙሪያውን የሚሄደው ዚፕ የሚሰፋው ደግሞ ሱሪው የት እንደሚያርፍ ከታወቀ በኋላ ነው፦ ከቦርጭ በላይ ወይስ ከሥሩ? አብዛኛው ሰው ከሥር ነው የሚታጠቀው። እንደዚያ ከሆነ ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ከፍ ብሎ ይቀደድና ትከሻ ላይ የሚያልፍ ማንገቻ ይጨመርለት። ቀበቶ ብቻውን ቦርጭ ሥር አይጸናም።

ቆዳው ላይ እንቆይ፤ ማጭበርበርም ብልሃትም ያለው እዚህ ነው። ለመንገድ የሚመረጠው ፊቱ ያልተፋቀ የከብት ቆዳ፣ ውፍረቱ ከ1.2 እስከ 1.4 ሚ.ሜ. የሆነ ነው። የካንጋሮ ቆዳ ሳስቶም ጠንካራ ነው፤ ግን የእንስሳው ቆዳ ትንሽ በመሆኑ ለትልቅ ሰው ጀርባ ብዙ መገጣጠሚያ ይፈልጋል፣ መገጣጠሚያ ደግሞ ደካማ ቦታ ነው። የከብት ቆዳ ራሱ ሁሉ ቦታው እኩል አይደለም። የጀርባው ክፍል ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የሆዱና የብብቱ ልል ነው፣ ይለጠጣል። ለደንዳና ሰው ትላልቅ ቁራጮች ስለሚያስፈልጉ ቆጣቢ ቤት የሆዱን ቆዳ ወደ ክርን፣ ወደ ትከሻ ወይም ወደ መቀመጫ ያሾልከዋል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ 10 ሴ.ሜ. ያህሉን በሁለት እጅ ይዞ መሳብ። ተለጥጦ ወደ ቦታው ካልተመለሰ፣ ወይም ሲታጠፍ ፊቱ እንደ ልል ወረቀት ከተሸበሸበ፣ ያ ቁራጭ መሬት በሚነካ ቦታ መዋል የለበትም። ለብብት ሥር ይሁን። ለተጨማሪ ቆዳ ተጨማሪ ማስከፈላቸው ግን ተገቢ ነው፤ በዚህ አንከሳቸውም።

ሲወድቁ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ቆዳው ሳይሆን ስፌቱ ነው። ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ላብ ያበሰብሰዋል። መሬት በሚነኩ ቦታዎች ሁሉ ቢያንስ ሁለት መስመር ስፌት፣ አንደኛው ከውስጥ የተደበቀ መሆን አለበት፤ ከላይ የሚታየው ክር አስፋልት ሲፈጨው የሚይዘው የተደበቀው ነውና። ጥልፉ ከ3 እስከ 4 ሚ.ሜ. ርቀት ይኑረው። ከዚያ ሲጠጋጋ ጥንካሬ ይመስላል፤ እውነቱ ግን መርፌው ቆዳውን እንደ ቴምብር ጠርዝ በስቶት በዚያው መስመር እንዲቀደድ ያመቻቸዋል።

ፓዱ ላይ ያለው ምልክት ይነበብ። ለክርን፣ ለትከሻ፣ ለጉልበትና ለዳሌ ኢኤን 1621-1 የሚባለው የአውሮፓ መስፈርት አለ፤ በ50 ጁል ምት ሲሞከር ደረጃ 1 በአማካይ እስከ 35 ኪሎኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው)፣ ደረጃ 2 እስከ 20 ኪሎኒውተን ብቻ ያሳልፋል። ለጀርባ ኢኤን 1621-2 ሲሆን ቁጥሮቹ 18 እና 9 ናቸው። ለደንዳና ሰው ከደረጃው ባልተናነሰ ስፋቱ ያሳስባል፦ ዓይነት «ኤ» ትንሹ፣ ዓይነት «ቢ» ትልቁ ነው። ሰፊ ጉልበት ላይ «ኤ» የተባለው ጎኑን ያጋልጣል። አንዳንድ ቤት ልብሱን አስፍቶ ፓዱን የድሮውን ይከታል፤ ኪሱን ከፍቶ ማየት ነው። የሙሉ ልብሱ መስፈርት ኢኤን 17092 (2020) ነው፤ «ኤኤኤ» ከፍተኛው፣ ቀጥሎ «ኤኤ»፣ ከዚያ «ኤ»። የልብሱ «ቢ» (ከፓዱ ስፋት «ቢ» የተለየ ነው) መፋተግን እንጂ ምትን አይመለከትም። በልክ የሚሰፋ ልብስ እያንዳንዱ አይፈተንም፤ የሚፈተነው መነሻው ሞዴል ነው። ስለዚህ «መነሻው ሞዴል ስንተኛ ደረጃ አለው?» ተብሎ ይጠየቅ።

የሚለጠጥ ጨርቅ ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ግን ልብሱን ያረክሰዋል። ከብብት እስከ ክንድ ውስጥ፣ ከጉልበት ኋላና እግር መካከል ይግባ። ትከሻ፣ የክርን ውጪ፣ ዳሌና መቀመጫ ላይ ፈጽሞ አይግባ። የወፍራም ሰው ልክ ያልተዋጣለት ቤት ጎንና ጎኑን በሰፊ ላስቲክ ይሸፍነዋል፤ ያ የቅድ ስህተት መደበቂያ ነው። ታችኛው ጀርባ ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ቆዳ ይመረጣል፤ ሲጎነበሱ ይከፈታል፣ ሲወድቁም ቆዳ ሆኖ ይገኛል። ሙቀት ለሚያስቸግረው ደረትና የጭን ፊት ይበሳሳ፤ ትከሻና ክርን ይተው።

ዋናው ዚፕ ከላይም ከታችም የሚከፈት ይሁን። ሲቀመጡ ከታች ጥቂት ሲከፈት ሆድ ይተነፍሳል፣ ዚፑም አይወጠርም። ከኋላው የቆዳ ሽፋን ካልተደረገለት ጥርሱ ሆድ ይቧጭራል። እጅጌና ባት ላይ ከዚፑ ሥር ሽብልቅ ቁራጭ ይግባ፤ ባቱ የወፈረ ሰው ቡትስ ላይ የሚዘጋለት በእሱ ነው።

ልብሱ ሲመጣ መስታወት ፊት መቆም ብዙ አይጠቅምም። ቆመው ትንሽ ሊጠብና ወደ ፊት ሊያጎብጥ ይገባል፤ ቆሞ የሚመች ልብስ ሞተር ላይ የሰፋ ነው። ሄልሜትና ጓንት አድርጎ ሞተሩ ላይ 30 ደቂቃ መቀመጥ ነው። አንገት ወደ ኋላ ሲዞር ኮሌታው ሄልሜቱን ይገፋል? መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር የእጅ አንጓ ይራቆታል? ከዚያ ሌላ ሰው የክርኑን ፓድ ከውጭ ጨብጦ ለማዞር ይሞክር። የአጥንቱ ጫፍ ከፓዱ ሥር ከወጣ ልብሱ ይመለስ። ቆዳ በጊዜ ብዛት ክርንና መቀመጫ ላይ ጥቂት ይለቃል፤ ሰፍቶ የመጣ ግን በጊዜ አይጠብም።

ከማዘዝ በፊት የክብደት ነገር ይታሰብበት። የቆዳ ልብስ ማጥበብ ይቻላል። ማስፋት ግን የድሮው የመርፌ ቀዳዳ ውጪ ስለሚቀር ያስጠላልም ያሳሳልም። ክብደት እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ያለ ሰው እስኪረጋ ቢጠብቅ ይሻላል፤ መጠበቅ ካልቻለ በሁለቱ ጎን እያንዳንዱ 3 ሴ.ሜ. የሚከፍት ዚፕ ወይም ማሰሪያ ያስገባ። በልክ የተሰፋ ልብስ ብዙ ጊዜ ስለማይመለስም የመጀመሪያው ማስተካከያ በነጻ መሆኑ፣ ቅዱ ከተሳሳተ ማን እንደሚከፍል፣ የማጓጓዣውም ወጪ የማን እንደሆነ ቅድሚያ ክፍያ ከመሰጠቱ በፊት በጽሑፍ ይያዝ። የልኩም ቅጽ ቅጂ ከደንበኛው ዘንድ ይቅር፤ ክርክር ሲነሣ ማን እንደተሳሳተ የሚታየው እሱ ላይ ነው።