ደብረ ብርሃን ላይ የታመነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለምትፈልጉ

ጠባሴ ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ተዘግታ ስላገኛችኋት ይቅርታ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ በዚያውም አንድ ወጣት ባለሙያ በአደባባይ ላመስግን።

ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች የጠዋቱ ብርድ አዲስ አይደለም። ማሞቂያ ካልበራ ጣት አይታዘዝም። ስለዚህ ማሞቂያው፣ የውኃ ማፍያው፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሩ በሙሉ ከአንድ ሶኬት፣ አንዱ በሌላው ላይ በተሰኩ ማከፋፈያዎች ይሠሩ ነበር። ገመዱ ደንበኛ እንዳያደናቅፍ ተጠቅልሎ ምንጣፍ ሥር ገብቷል። የኮምፒውተሩን ሳጥን ስነካ እጄን ውርር ያደርገኝ ነበር፤ ብርዱ ነው እያልኩ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተንና ይህን ወጣት ባለሙያ አስጠራሁት። የጠራሁት ሶኬት እንዲቀይር ብቻ ነው። ቀይሮ ሒሳቡን ተቀብሎ መሄድ ይችል ነበር። እርሱ ግን ምንጣፉን ገለጠ። የማከፋፈያው መሰኪያ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል፤ የገመዱ ልባስ ከመድረቁ የተነሣ ሲያጥፈው ተሰነጠቀ።

«እትዬ፣ ማሞቂያው 2000 ዋት፣ ማፍያው 1500 ዋት ነው። ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ይህ ገመድ የተሠራው ለ10 ነው። ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል» አለኝ።

ሶኬቱን ፈቶም አሳየኝ። ከፊት ሲታይ የመሬት መስመር፣ ማለትም ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ ያለው ይመስላል፤ ከኋላው ግን ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ጨርሶ አልተዘረጋም። ለካ ያ ውርር የሚያደርገኝ ብርዱ አልነበረም! ለዓመታት በዚያ ሳጥን አጠገብ ልጆቼን አስቀምጬ አስጠንቻለሁ።

ለማሞቂያው ብቻ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በራሱ 16 አምፔር ብሬከር ዘረጋ፤ ለኮምፒውተሮቹ ሌላ መስመር ለየ። ጓሮ የመዳብ ዘንግ ቀብሮ የመሬቱን መስመር አገናኘ፤ በመሣሪያ ለክቶም ቁጥሩን አሳየኝ። ሌዘር ፕሪንተሩን ከዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ከሚሰጠው ባትሪ) ነቀለው፤ ሲሞቅ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ነው ዩፒኤሱ ሲጮኽ የከረመው። አሁን መብራት ሲሄድ የደንበኛን ጽሑፍ አስቀምጬ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ አገኛለሁ። ገመዶቹ ከጠረጴዛው ጀርባ በፕላስቲክ ቦይ ያልፋሉ፤ በየመሰኪያው ላይ የምን እንደሆነ ተጽፎ ተለጥፏል።

የዕቃውን ዝርዝር ጽፎ ሰጥቶኝ የገዛሁት ራሴ ነኝ። ሲጨርስ የተረፈውን ሦስት ሜትር ያህል ሽቦ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ይህችን አልረሳትም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስልኩን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ፣ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ ወይም ቤቴ ጎራ በሉ። ማሞቂያ ከማከፋፈያ ላይ ሰክታችሁ የምትሠሩ ካላችሁ ግን እርሱ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ንቀሉት።